የድንጋይ ከሰል ማውጫ የደህንነት ባለሙያ ሥራ፦ ከጎጃም ለሚሄዱ ጀማሪዎች የአሠራር መመሪያ

ጎጃም ውስጥ ከሰል ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ከአዊ፣ በተለይም ከፋግታ ለኮማ በማዳበሪያ እየተሞላ ወደ አዲስ አበባ የሚጫነው፣ ዲከረንስ ከሚባለው ዛፍ የሚከሰለው ከሰል ነው። የድንጋይ ከሰሉ ያለው ሌላ አገር ነው፦ ጭልጋ፣ ውጫሌ፣ ሙሽ ሸለቆ፣ ራቅ ሲል ደግሞ ያዩና ዳውሮ። የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ከውጭ የሚገዙትን ከሰል በአገር ውስጥ ምርት ለመተካት ጥረት ከተጀመረ ወዲህ በእነዚህ ቦታዎች ያለው ቁፋሮ ትኩረት አግኝቷል። ከደብረ ማርቆስ ወይም ከእንጅባራ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ወጣትም «የደህንነት ባለሙያ» የሚል የቅጥር ማስታወቂያ ያጋጥመው ይሆናል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለእሱና ለእሷ ነው።

ብዙ ቀጣሪ፣ አንዳንዴም ባለሙያው ራሱ፣ ይህን ሥራ ሄልሜት ማደልና ግድግዳ ላይ ማሳሰቢያ መለጠፍ አድርጎ ያየዋል። ሄልሜት ናዳን አይመክትም፤ የተለጠፈ ወረቀትም ጋዝ አይለካም። የሥራው ፍሬ ነገር ሰዎች ወደ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት «ግቡ» ወይም «አትግቡ» ብሎ መወሰን ነው። የቀረው ሁሉ ይህ ውሳኔ በግምት እንዳይሆን የሚደረግ ዝግጅት ነው።

1. ከመፈረም በፊት፦ ሥራ የማስቆም ሥልጣን

የቅጥር ውል ሲቀርብልዎ ከደመወዙ በፊት አንድ ነገር ይጠይቁ፦ «ጋዝ ካገኘሁ ወይም ጣሪያው ካሰጋኝ ማንንም ሳላስፈቅድ ፈረቃውን ማስቆም እችላለሁ?» መልሱ «ለሥራ አስኪያጁ ደውለህ» ከሆነ ሥልጣን የለዎትም። ሥራ አስኪያጁ ከተማ ነው፤ ስልኩ ኔትወርክ የለውም፤ ሚቴን፣ ከከሰሉ የሚወጣው የሚፈነዳ ጋዝ፣ ደግሞ ስልክ እስኪነሣ አይጠብቅም። ስለዚህ ሥልጣኑ በጽሑፍ ይስፈር፤ ደብዳቤውም ለፈረቃ ኃላፊዎችና ለካቦዎች በግልባጭ ይድረሳቸው። ካቦው ያላየው ደብዳቤ ዋሻ በር ላይ ዋጋ የለውም።

ሕጉ ከጎንዎ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራ ቦታን ደህንነት እንዲጠብቅ፣ ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋ እንዲያስተምር፣ የመከላከያ ቁሳቁስ እንዲያቀርብና አደጋ ሲደርስ መዝግቦ ለሥራ ተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ዕድሜያቸው 18 ዓመት ያልሞላ ልጆችም ከመሬት በታች ባለ የማዕድን ሥራ ላይ እንዳይሰማሩ ይከለክላል። የአዋጁን ቅጂ ቦርሳዎ ውስጥ ይያዙ። ክርክር ሲነሣ አንቀጹን ከፍቶ ማሳየት «ሕጉ እንዲህ ይላል መሰለኝ» ከማለት በእጅጉ ይሻላል።

2. የመጀመሪያው ሳምንት፦ ካርታውና ሽማግሌዎቹ

የማውጫውን ካርታ ይጠይቁ። ካርታ ከሌለ፣ በትንንሽ ማውጫዎች ብዙ ጊዜ አይኖርም፣ ሜትርና ኮምፓስ ይዘው ራስዎ ይሳሉት። ካርታው ላይ መኖር ያለባቸው የመግቢያና የመውጫ በሮች፣ አየሩ የሚሄድበት አቅጣጫ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ ውሃ የሚጠራቀምባቸው ቦታዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተቆፍረው የተተዉ አሮጌ ዋሻዎች ናቸው።

አሮጌ ዋሻ ሁለት ነገር ያጠራቅማል፤ ውሃና መጥፎ አየር። አዲሱ ቁፋሮ ሳይታሰብ ሲነካው የክረምቱ ውሃ በአንዴ ይለቀቃል። የት እንዳለ ወረቀት ላይ ባይሰፍርም የአካባቢው ሽማግሌዎች ያውቁታል። ቡና ሲፈላ አብረዋቸው ይቀመጡና «አያ፣ ድሮ የተቆፈረው በየት በኩል ነበር?» ብለው ይጠይቁ። የነገሩዎትን ካርታው ላይ በቀይ ያስምሩ። ወደዚያ አቅጣጫ የሚሄድ ቁፋሮ ካለ ከሰዎቹ ቀድሞ ቀጭንና ረጅም ቀዳዳ ወደፊት እየተበሳ ይሂድ፤ ቀዳዳው ውሃ ካፈሰሰ ሥራው እዚያው ይቁም።

3. ከፈረቃ በፊት፦ ጋዝ መለካት

ይህን ክፍል ቸኩለው አይለፉት።

ጎጃም ውስጥ የውሃ ጉድጓድ በእጅ የቆፈረ ሰው ሁሉ ጥልቅ ጉድጓድ «አየር ያጥራል» ሲባል ሰምቷል። ኩራዝ በገመድ ይወርዳል፤ ከጠፋ ሰው አይገባም። ዘዴው ለጉድጓድ መሠረት አለው፤ ኦክስጅን ከ16 በመቶ አካባቢ በታች ሲወርድ ተራ ነበልባል ይጠፋል። ወደ ከሰል ማውጫ ግን ይህን ልማድ ይዘው እንዳይሄዱ። እዚያ ያ ኩራዝ ራሱ ክብሪት ነው። እንግሊዛዊው ሐምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1815 ነበልባሉን በሽቦ ወንፊት የከለለ ፋኖስ የሠራው ቆፋሪዎች በመብራታቸው ምክንያት በፍንዳታ እያለቁ ስለነበር ነው። ዛሬ የኤሌክትሮኒክ ጋዝ መለኪያ አለ። መለኪያ መግዛት የማይፈልግ ማውጫ የደህንነት ባለሙያ ባይቀጥርም ያው ነው።

የሚለኩት አራት ነገር ነው፤ ቅደም ተከተሉም ምክንያት አለው።

መጀመሪያ ኦክስጅን። ንጹሕ አየር ውስጥ 20.9 በመቶ ነው፤ ከ19.5 በታች ከሆነ ሰው አይግባ። ቀድሞ የሚለካው ለሰው ሕይወት ብቻ ሳይሆን፣ ብዙዎቹ የሚቴን መለኪያዎች ጋዙን በውስጣቸው አቃጥለው ስለሚለኩም ጭምር ነው። ኦክስጅን በጣም ባነሰበት ቦታ እነዚህ መሣሪያዎች ሚቴኑን አሳንሰው ሊያሳዩ ይችላሉ።

ሁለተኛ ሚቴን። ከአየር ስለሚቀል ጣሪያ ሥር፣ በተለይም ጣሪያው ወደ ላይ በተቦረቦረበት ኪስ ውስጥ ይሰበሰባል። መለኪያውን ደረት ላይ አንጠልጥሎ መሄድ ብቻውን አያገኘውም፤ በዘንግ ወደ ጣሪያ ይድረስ። በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ይፈነዳል፤ 9.5 በመቶ አካባቢ እጅግ ይበረታል። «ከ15 በላይ ከሆነማ አይፈነዳም» የሚል ብልጠት ይሰሙ ይሆናል። ንጹሕ አየር ሲገባበት እየቀጠነ ወደሚፈነዳበት መጠን መመለሱ አይቀርምና አይቀበሉት።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው አኃዙን በማንበብ ነው። አብዛኞቹ መለኪያዎች የሚያሳዩት የሚቴኑን መቶኛ ሳይሆን፣ ከሚፈነዳበት ዝቅተኛ መጠን ምን ያህል እጅ እንደደረሰ ነው። መሣሪያው 100 ሲል አየሩ ውስጥ ያለው ሚቴን 5 በመቶ ነው፤ 20 ሲል 1 በመቶ ነው። የእርስዎ መሣሪያ በየትኛው እንደሚናገር መመሪያውን አንብበው በፕላስተር ጀርባው ላይ በአማርኛ ይጻፉበት።

ለውሳኔው የአሜሪካ ሕግ ጥሩ መነሻ ነው፦ ሰዎች በሚሠሩበት ቦታ ሚቴን 1 በመቶ ሲደርስ ኤሌክትሪክ ይቋረጣል፣ የአየር ፍሰቱም ይስተካከላል፤ 1.5 በመቶ ሲደርስ ሰዎች ይወጣሉ። ሁለቱን ቁጥሮች ዋሻው በር ላይ በትልቁ ያስጽፉ። እንዲህ ሲሆን ውሳኔው የእርስዎ ጠባይ ሳይሆን የቁጥሩ ይሆናል፤ ከካቦው ጋርም አያጣላዎትም።

ሦስተኛ ካርቦን ሞኖክሳይድ። ሽታም ቀለምም የለውም። ከደም ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ነው። የተለመደው የማስጠንቀቂያ ደወል መነሻ በሚሊዮን 35 እጅ ነው፤ 1,200 ከደረሰ ወዲያውኑ ሕይወትን የሚያሰጋ ነው። ማሽን በሌለበት፣ ፈንጂ ባልተተኮሰበት ቦታ ይህ ጋዝ ከታየና ከቀን ወደ ቀን ከጨመረ የሆነ ቦታ ከሰሉ በራሱ መንደድ ጀምሯል ማለት ነው።

አራተኛ፣ ወለሉ አጠገብ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ያለ ቦታ ይተኛል፤ የቆየ ውሃ ባለበት ደግሞ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይኖራል። ይህኛው ክፉ ጠባይ አለው፤ መጠኑ ሲበዛ የማሽተት ኃይልን ያደነዝዛል። «ሽታው ጠፋ» ማለት «ጋዙ ጠፋ» ማለት አይደለም።

መለኪያውን በየቀኑ ከመግባትዎ በፊት በመሞከሪያ ጋዝ ይፈትሹት፤ ዜሮውንም በሚሠራበት ቦታ ንጹሕ አየር ላይ ያስተካክሉ። ከደጀን አፋፍ አባይ ድልድይ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ በእንዲህ ዓይነት አገር ከተማ ላይ የተስተካከለ መሣሪያ ሸለቆ ውስጥ የሚያሳየውን እንዳለ ማመን አይገባም።

የለኩትን ሁሉ ሰዓቱን፣ ቦታውንና አኃዙን ጨምረው በበሩ አጠገብ ባለ ሰሌዳ ላይ ይጻፉ። መዝገብ ለቢሮ ነው፤ ሰሌዳው ለሚገባው ሰው ነው።

4. ጣሪያውን ማዳመጥ

ፍንዳታ በዜና ይነገራል፤ ናዳ ግን አንድ አንድ ሰው እየወሰደ ሳይነገር ይቀራል። በ2016 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ ደላንታ የኦፓል ዋሻ ተደርምሶ ወጣት ቆፋሪዎች ውስጥ ሲቀሩ አገር ሁሉ የሰማው ብዙ ሰው ስለነበረበት ነው።

ከጋዝ ልኬቱ ቀጥሎ ረጅም የብረት ዘንግ ይያዙና ድጋፍ ከቆመለት ጣሪያ ሥር ሆነው ወደፊት ያለውን ይምቱት። ጠንካራ አለት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተላቀቀ ንጣፍ እንደ ባዶ በርሜል ያስተጋባል። ድምፁ ካጠራጠረዎ እጅዎ በሚደርስበትና ድጋፍ ባለው ቦታ አንዱን መዳፍ ጣሪያው ላይ አድርገው በሌላው ይምቱ፤ የላላው አለት መዳፍ ላይ ይንቀጠቀጣል። የላላውን ከጎን ሆኖ በዘንግ ማውረድ እንጂ ሥሩ ቆሞ መነካካት የለም።

ድጋፍ የሌለው ጣሪያ ሥር ማንም አይቁም። ቀላል ደንብ ይመስላል፤ ግን ቆፋሪ ሁሉ «ይህችን ብቻ ጨርሼ ምሰሶውን አቆማለሁ» ይላል። ምሰሶው ከቁፋሮው በፊት ተቆርጦ በቦታው ተደርድሮ ካልተገኘ ፈረቃው አይጀመር። በየማውጫው የሚገኘው እንጨት ባሕር ዛፍ ነው፤ ጎጃሜ ባሕር ዛፍን ማስተማር አያስፈልገውም። አንድ ነገር ልጨምር ብቻ፦ እንጨት ጭነት ሲበዛበት ከመሰበሩ በፊት ይንጫጫል፣ ይሰነጠቃል። ይህ ድምፅ ሲሰማ ሥራው እንዲቆምና ሁሉም እንዲወጣ ልምድ ያድርጉት። መዶሻና ጄኔሬተር እየጮኸ ድምፁ ስለማይሰማ በፈረቃው መካከል ለጥቂት ደቂቃ ሁሉም ነገር ጸጥ ብሎ ጣሪያው እንዲደመጥ ያስደርጉ። ካቦዎች መጀመሪያ ይሥቃሉ፤ ሲለምዱት ራሳቸው «ጸጥ በሉ» ማለት ይጀምራሉ።

5. አየሩ ከየት ገብቶ በየት ይወጣል?

አንድ በር ብቻ ያለው ዋሻ ጉድጓድ ነው። ሁለተኛ መውጫ እስኪከፈት ድረስ ሰው የሚበዛበት ሥራ እንዳይሠራበት ይከራከሩ። ማራገቢያው ውጭ፣ ንጹሕ አየር ባለበት ይቀመጥ። ኒው ዚላንድ ውስጥ ፓይክ ሪቨር በሚባለው ማውጫ ዋናው ማራገቢያ የተተከለው ከመሬት በታች ነበር። እ.ኤ.አ. ኅዳር 19 ቀን 2010 ማውጫው ሲፈነዳ 29 ሰዎች ሞቱ፤ ማራገቢያውም ተበላሸ። ሁለተኛ መውጫ ተብሎ የተያዘውም በመሰላል የሚወጣበት የአየር ጉድጓድ ነበር።

በየቀኑ ከሚያዩዋቸው ነገሮች የአየር ቱቦው ጫፍ አንዱ ነው። ቁፋሮው ሲገፋ ቱቦው ካልተከተለ ንጹሑ አየር መንገድ ላይ ይቀርና ቆፋሪው ፊት ያለው አየር እንደቆመ ይቀራል። ቱቦው ተቀዶ ከሆነም እንዲሁ። አየሩ መንቀሳቀሱን ለማየት የአቧራ ቁንጣሪ ከጣት ላይ ለቆ መመልከት ይበቃል፤ ለዚህ ብሎ ሲጋራ ማጨስ ግን እብደት ነው። ክብሪት፣ ላይተር፣ ስልክና ሲጋራ በር ላይ ይቀራሉ፤ ፍተሻውም ከሥራ አስኪያጁ ጀምሮ ይሁን።

ጄኔሬተር ከአየር ማስገቢያው አጠገብ አይቀመጥ። ጭሱ በማራገቢያው ተስቦ ይገባና አየር እናስገባለን ስንል ካርቦን ሞኖክሳይድ እናስገባለን። በቤንዚን ወይም በናፍጣ የሚሠራ የውሃ መሳቢያም ወደ ውስጥ አይወርድ። ውሃ ጉድጓድ ውስጥ ሞተር አውርዶ የሚሠራ ሰው በየወረዳው አለ፤ ይህ ልማድ ገዳይ ነው።

6. ብናኙን በኖራ ድንጋይ

የከሰል ብናኝ ከተነሣ እንደ ባሩድ ነው። ትንሽ የሚቴን ብልጭታ ወለልና ግድግዳ ላይ የተኛውን ብናኝ ያነሣዋል፤ ብናኙ ራሱ ይነድና እሳቱ ከክፍል ክፍል ይሮጣል። ፈረንሳይ ኩሪየር ላይ እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 1906 የ1,099 ሰዎችን ሕይወት ያጠፋው የዚህ ዓይነት ፍንዳታ ነው።

መድኃኒቱ ጎጃም ውስጥ በጆንያ የሚገኝ ነገር መሆኑ ያስገርመኛል። በደጋው አሲዳማ መሬት ላይ ገበሬው የሚበትነው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ፣ ደጀን አካባቢ አለቱ በገፍ ያለው፣ በማውጫ ውስጥ ከከሰል ብናኝ ጋር ሲደባለቅ እሳቱ የሚሄድበትን መንገድ ይዘጋል፤ የማይነደው ዱቄት ሙቀቱን ይወስዳልና። አሜሪካ ውስጥ ከመሬት በታች ባሉ ማውጫዎች ወለል፣ ግድግዳና ጣሪያ ላይ ካለው ብናኝ ቢያንስ 80 በመቶው የማይነድ እንዲሆን ሕግ ያዛል። የሚፈለገው ጥሬው የተፈጨ ድንጋይ ነው። የተቃጠለው ኖራ ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ለዚህ አይሆንም፤ ሲገዙ ይህን ለይተው ይዘዙ።

ሲቆፈርና ሲጫን በውሃ ማርጠብም ብናኙን ይቀንሳል፤ ለሳንባም ይበጃል። የከሰል ብናኝ ለዓመታት ሲተነፍሱት ሳንባን የሚያደርቅ፣ የማይድን በሽታ ያመጣል። አፍ ላይ የሚታሰር ጨርቅ ይህን አይከላከልም፤ ጋዝማ ጭራሽ አያግድም።

7. የበዓል ማግሥት

ይህን በውጭ አገር መመሪያ ውስጥ አያገኙትም። ከጎጃምና ከጎንደር የሚመጣ ሠራተኛ በዓል ያከብራል፤ ሚካኤልን፣ ማርያምን፣ ጊዮርጊስን። ለፋሲካና ለጥምቀት ደግሞ ማውጫው ለቀናት ይዘጋል፤ ነዳጅ ለመቆጠብም ማራገቢያው ይጠፋል። ጋዙ ግን በዓል አያውቅም፤ ሲጠራቀም ይከርማል።

ስለዚህ ከበዓል ማግሥት የመጀመሪያው ፈረቃ በተለመደው ሰዓት አይጀምር። ማራገቢያው ቀድሞ ይነሣ፤ በቂ ጊዜ ከሠራ በኋላ እርስዎና አንድ ረዳት ከበሩ ጀምራችሁ እየለካችሁ ግቡ፤ ቁጥሩ ካልፈቀደ ተመለሱ። በዚያው ቀን በር ላይ የሠራተኛውን ሁኔታ ይመልከቱ። ጠላና አረቄው ያልለቀቀው ሰው በትሕትና ተመልሶ ይተኛ። በጾም ወቅት ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ የማይቀምስ ብዙ ነው፤ ከባዱን ቁፋሮና የምሰሶ ሥራ ወደ ጠዋት ማምጣት ሃይማኖትን ሳይነኩ ጉልበትን መጠበቅ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ከሠራተኞቹ ጋር እንጂ ስለ እነሱ ከቢሮ ጋር አይነጋገሩ።

8. በራሱ የሚነድ ክምር

የአዊ ከሰል አክሳይ በደንብ ያልቀዘቀዘ ከሰል መኪና ላይ እንደሚነሣ ያውቃል። የድንጋይ ከሰል እሳት ባያየውም ይህን ያደርጋል፤ በተለይ ያልበሰለው፣ እርጥበት የሚበዛበት ዓይነት፣ አየር ሲያገኝ ቀስ እያለ ይሞቃል። ክምሩ ከፍ ብሎ ለረጅም ጊዜ አይቆይ፤ ጠፍጠፍ ተደርጎ ይጠቅጠቅ፤ ቀድሞ የተከመረው ቀድሞ ይጫን። ጠዋት ጠዋት ክምሩ ላይ እንፋሎት ከታየ ወይም የቤንዚን ዓይነት ሽታ ከመጣ ያ ቦታ በሎደር ተቆርጦ ይውጣና ተበትኖ ይቀዝቅዝ። ላዩን ብቻ ውሃ መርጨት ልቡን አያጠፋውም።

9. ክፍት ቁፋሮና የአፈር ክምር

አገራችን ውስጥ ከሰል ከላይ አፈሩ ተገልጦ በኤክስካቫተር ሲወጣም ዋናው ገዳይ ያው ናዳ ነው። ከሥር መቦርቦርን ይከልክሉ፤ አሸዋና ድንጋይ የሚያወጡ ወጣቶች በየወረዳው የሚያልቁት በዚህ ነው። ከቁፋሮው አፋፍ በላይ ያለውን መሬት በየቀኑ ተራምደው ይዩ። ከአፋፉ ጋር ትይዩ የሆነ አዲስ ስንጥቅ ካገኙ በሁለቱም ወገን ችካል ተክለው ርቀቱን ይለኩ፤ እየሰፋ ከሆነ ከታች ያለው ሰውና ማሽን ይውጣ። ከከባድ ዝናብ በኋላ ይህን ሳያዩ ሥራ አይፍቀዱ።

የሚጣለው አፈር የት ይከመራል? ይህ የእርስዎም ጥያቄ ነው። ዌልስ ውስጥ አበርቫን በምትባል መንደር እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 1966 ከምንጭ ላይ የተከመረ የማውጫ አፈር በዝናብ ርሶ ተንሸራተተና ከሥሩ የነበረውን ትምህርት ቤት ዋጠ፤ ከሞቱት 144 ሰዎች 116ቱ ሕፃናት ነበሩ። ከመንደር፣ ከትምህርት ቤትና ከቤተ ክርስቲያን በላይ ባለ ተዳፋት፣ ወይም ውሃ በሚመነጭበት ቦታ ላይ አፈር እንዳይከመር በጽሑፍ ይቃወሙ። የውሃ መውረጃ ቦዩም ከሰኔ በፊት ይቆፈር።

10. ስንት ሰው ውስጥ አለ?

ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ቁጥር ያለበት ሁለት ቆርቆሮ ይሠራ፤ አንዱ በር ላይ ባለ ሰሌዳ ይሰቀል፤ ሌላው አብሮት ይግባ። ይህ ከሌለ አደጋ ሲደርስ የመጀመሪያው ሰዓት በጥሪና በለቅሶ ያልቃል። ቀን ሠራተኛ ለአጨዳ ወደ አገሩ ይመለስና ወንድሙን በቦታው ይልካል፤ ስሙ የሌላ፣ ሰውየው የሌላ ይሆናል። ስለዚህ ቆርቆሮ የሚሰጠው የመግቢያ ትምህርት የወሰደ ሰው ብቻ ይሁን። ትምህርቱ አጭር ይሁን፤ ግን በእግር እየሄዱ፦ ሁለተኛው መውጫ በየት ነው፣ ደወሉ ምን ይመስላል፣ ጋዝ ወይም ጭስ ሲኖር ለማምለጥ የሚደረገው የመተንፈሻ መሣሪያ እንዴት ይከፈታል። መሣሪያውን ዓይናቸውን ጨፍነው ማድረግ እስኪችሉ ይለማመዱ፤ ጭስ ውስጥ ማየት የለምና። ካርቦን ሞኖክሳይድን ብቻ የሚያጣራው ዓይነት ኦክስጅን በሌለበት እንደማያድን ለይተው ይንገሯቸው።

ፈንጂ የሚተኮስ ከሆነ ከተተኮሰ በኋላ ሁለት ነገር ይጠበቃል፤ ጭሱ መውጣቱና ያልፈነዳ አለመኖሩ። በፊውዝ፣ ማለትም በሚነድ ገመድ፣ የተተኮሰ ሳይፈነዳ ቢቀር ቢያንስ 30 ደቂቃ ማንም አይጠጋው። መጀመሪያ የሚገባው ተኳሹና እርስዎ፣ መለኪያ ይዛችሁ ነው።

11. አደጋ ከደረሰ፦ በሩን መያዝ

ከዚህ የከበደ ሥራ የለም። ወንድሙ ውስጥ የቀረ ሰው ለመግባት ይታገላል፤ ጎጃም ላይ ደግሞ ወንድምን ጥሎ መቆም ነውር ነው። የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ማሳሰቢያ በተዘጉና አየር በሚያጥርባቸው ቦታዎች ከሞቱት ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሊያድኑ የገቡ ሰዎች መሆናቸውን ገልጿል። በፓይክ ሪቨርም የመጀመሪያው ፍንዳታ በደረሰ በአምስተኛው ቀን ሁለተኛው ተከትሏል።

ስለዚህ በር የሚይዙትን ሰዎች ከአደጋው ቀን በፊት ይምረጡ፤ የሚከበሩ፣ ድምፃቸው የሚሰማ፣ ቢቻል በዕድሜ የገፉ። እርስዎ ወጣት ከሆኑ በዚያ ሰዓት የሚሰማዎ የለም፤ አባት የሚሆን ሰው ግን «ልጄ፣ አንተንም አልቀብርም» ሲል ይሰማል። የሰለጠነና የመተንፈሻ መሣሪያ ያለው ቡድን እስኪደርስ፣ ጋዙም ተለክቶ እስኪፈቅድ ማንም አይግባ። ማራገቢያውን ማጥፋት ወይም ማብራት በስሜት አይወሰን። ቻይና ቤንሺሁ ላይ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 1942 ፍንዳታ ሲደርስ ማውጫውን ያስተዳድሩ የነበሩት ጃፓናውያን እሳቱን ለማፈን አየሩን ዘጉት፤ ከሞቱት 1,549 ሰዎች አብዛኞቹ የሞቱት በካርቦን ሞኖክሳይድ ታፍነው ነው።

ይህ ሁሉ በልምምድ እንጂ በወረቀት አይያዝም። ክረምት ከመግባቱ በፊትና ከአጨዳ በኋላ አዲስ ሰው ሲበዛ ደወል ደውለው ሁሉንም ያስወጡ፤ ቆርቆሮ ይቁጠሩ፤ በር ያዦቹን በር ላይ ያቁሙ።

12. ካቦው «አይሆንም» ሲል

እንዲህ የሚል ቃል መስማትዎ አይቀርም፦ «ሃያ ዓመት ቆፍሬ ምንም አልሆንኩም፤ አንቺ ትናንት መጥተሽ ታስቆሚኛለሽ?» መልሱ ክርክር አይደለም። «አያ፣ ድንጋዩን እርስዎ ያውቁታል፤ ከእርስዎ እማራለሁ። ጋዙን ግን እርስዎም እኔም አናየውም። ቁጥሩን አብረን እንየው» ብሎ መለኪያውን ለእሱ መስጠት ነው። መለኪያውን ራሱ ያነበበ ካቦ በማግሥቱ ጠባቂ ይሆናል።

ጫናው ከበላይ ከመጣ ግን መንገዱ ሌላ ነው። ያስቆሙበትን ምክንያት፣ አኃዙንና ሰዓቱን ጽፈው በሁለት ቅጂ ያስፈርሙ፤ አለቃው አልፈርምም ካለ «አልፈርምም ብሏል» ብለው ምስክር ያስፈርሙበት። ሳይጎዱ ያመለጡባቸውን አጋጣሚዎችም፣ የወደቀ አለት፣ የጠፋ ማራገቢያ፣ የተሰነጠቀ ምሰሶ፣ እንደ አደጋ ይመዝግቡ። በተደጋጋሚ ካልተሰሙ የመዝገቡን ቅጂ ይዘው ወደ አካባቢው የሥራ ተቆጣጣሪ ይሂዱ። ለእረፍት አገር ቤት ሲመጡም ሰሌዳውን፣ መለኪያውንና መዝገቡን ለማን እንዳስረከቡ ስሙን ጽፈው አስፈርመው ይውጡ፤ ተረካቢ ካልተገኘ የዚያ ፈረቃ በር አይከፈት።